ቁርጥማት ሁሉ ሪህ አይደለም
ስለ ቁርጥማት ያነበብኩት ጽሑፍ የመገጣጠሚያ ሕመም መንስኤው ብዙ መሆኑን ማስረዳቱ መልካም ነው፤ «ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዕረፍት ያብዛ» የሚለው ምክር ግን ያለ ማብራሪያ ባይቀርብ እመርጥ ነበር። ወላጅ እናቴን ጉልበታቸውን ማመም ሲጀምራቸው ጎረቤቱ ሁሉ «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ አስተዋቸው። ሪህ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ክሪስታል ሲጠራቀም የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ ሌሊት በድንገት የሚነሣ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የማያስችል ሕመም ነው። የእናቴ ግን ደረጃ ሲወርዱና ቡና ካፈሉባት ዱካ ሲነሡ የሚብስ፣ ሲያርፉ ደግሞ የሚቀልል ነበር፤ ሐኪሙም በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ልስልስ ሽፋን መሳሳቱን ነገረን። እስከዚያው ያለ ትእዛዝ እየተገዛ የተዋጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጨጓራቸውን ጎድቶ ነበር፤ መድኃኒቱ የደም ግፊት ሊጨምርና ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችልም ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

የረዳቸው እንቅስቃሴ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ለ5 ሰከንድ ያህል ያቆያሉ፣ በየእግሩም 10 ጊዜ ይደጋግሙታል፤ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጋራልና። ዱካዋም በወንበር ተተካች (ከመድኃኒቱ ይልቅ ይህ ነበር የከበዳቸው)፤ ስግደቱን የንስሐ አባታቸው ቆመው ጎንበስ በማለት እንዲፈጽሙት ፈቀዱላቸው።

ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጆች ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ የሚገትሩበት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ መገጣጠሚያው ሳይበላሽ ቶሎ ይመርመር፤ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከትኩሳት ጋር ካቃጠለ ደግሞ በዚያው ዕለት መታየት አለበት።