ፒቸር የሚለካው በሊጉ አማካይ ነው ወይስ በወረወረው ብዛት?

ወሎ ውስጥ ቤዝቦል የምንከታተል ብዙ አይደለንም፤ ክርክራችን ግን አያልቅም። የዛሬው ጥያቄ፦ የአንድ ፒቸር የሙያ ዘመን ቁጥር ከዘመኑ የሊግ አማካይ ጋር ካልተነጻጸረ ዋጋ አለው ወይ? የሚከራከሩት ሁለት ናቸው፣ አንዱ የደሴ ሰው፣ አንዱ የኮምቦልቻ። ለጀማሪ፦ ፒቸር ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ነው፤ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ራን ነጥብ ነው። ኢአርኤ ማለት በዘጠኝ ኢኒንግ ፒቸሩ ላይ በአማካይ የሚቆጠር ራን ነው። በጓደኞቹ ስህተት የመጣው አይታሰብበትም። ሲያንስ ነው ጥሩ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

የደሴው፦ ዋልተር ጆንሰን በሙያ ዘመኑ ኢአርኤው 2.17 ነው፣ ፔድሮ ማርቲኔዝ ደግሞ 2.93። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጆንሰን ይበልጣል ብሎ ይዘጋዋል። ግን ጆንሰን የተጫወተው ከ1907 እስከ 1927 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ መምታት) ብርቅ ነበር፣ ማንም ፒቸር ላይ ብዙ አይቆጠርም። እስቲ የፔድሮን 2000 እየው። የአሜሪካን ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ፣ ሌላው ናሽናል ሊግ ነው) አማካይ 4.91፣ እሱ 1.74! ሁለተኛ የወጣው ሮጀር ክሌመንስ እንኳ 3.70 ነው። ወላሂ እንዲህ ያለ ልዩነት ሳይ አሁንም ይደንቀኛል።

ኢአርኤ ፕላስ የመጣው ለዚህ ነው። የሊጉን አማካይ ለፒቸሩ ኢአርኤ ታካፍላለህ፣ በ100 ታባዛለህ፣ የስታዲየሙን ተጽዕኖ ታስተካክላለህ። 100 ማለት ልክ እንደ ሊጉ ማለት ነው፤ ይህኛው ሲበልጥ ነው ጥሩ። በዚህ ስሌት ፔድሮ 154፣ ጆንሰን 147 ነው።

ስታዲየሙ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዴንቨር ያለው ኩርስ ፊልድ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከእናንተ ከኮምቦልቻ እንኳ ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ ታጥፋ እንድትወርድ የተወረወረችውም በደንብ አትታጠፍም። እኛ ጋ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን አስበው። እዚያ የወረወረን ሰው በባሕር ጠረፍ ከወረወረ ሰው ጋር በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ግፍ ነው።

የኮምቦልቻው፦ በአየሩ አልከራከርህም። አማካይ አማካይ ስትል ግን ኢኒንግን ዘለልክ። ጆንሰን 5,914 ኢኒንግ ወርውሯል፣ ፔድሮ 2,827። ከእጥፍ በላይ ነው ወንድሜ! 154 ምጣኔ ነው፤ ሰውየው ምን ያህል እንደሠራ አይነግርህም። ፔድሮ ያልወረወረውን ኢኒንግ ማን ወረወረው? ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜም አማካዩ ላይ የማይደርስ ሰው። ያ ሁሉ የሚቆጠረው በቡድኑ ላይ ነው።

ቦብ ጊብሰንን ውሰድ፣ 1968። ኢአርኤው 1.12። ከ300 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፣ 28 ጨዋታ ጀምሮ ራሱ ጨረሰ፣ በ13ቱ አንድም ራን አልተቆጠረበትም። ፔድሮ በዚያ በምትወደው ዓመት የወረወረው 217 ኢኒንግ ነው። ኢአርኤ ፕላስ ግን ለፔድሮ 291፣ ለጊብሰን 258 ይሰጣል። እኔ ጊብሰንን ነው የምመርጠው።

የደሴው፦ 1968ን ካነሳህማ! የፒቸሮች ዓመት እየተባለ ነው የሚጠራው። የናሽናል ሊግ አማካይ ራሱ 3 ገደማ ነበር። በማግስቱ ዓመት የመወርወሪያው ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ዝቅ ተደረገ፣ የስትራይክ ክልሉም (መቺው ባይመታውም ውርወራው ለፒቸሩ የሚቆጠርበት ቦታ) ጠበበ። ያ ከፍታ የጠቀመው ጊብሰንን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው። አማካዩ ካልተጠየቀ ይህ ከየት ይታወቃል? ለጆንሰንም ቢሆን 147 ቸር ነው፤ እሱ በተጫወተበት ሊግ ጥቁር ተጫዋቾች አይገቡም ነበር። ያን ክልከላ የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን የገባው በ1947 ነው።

የኮምቦልቻው፦ አየህ፣ አሁን አማካዩም ራሱ እንደሚያጋድል አመንክ። የ1915 አማካይና የ2000 አማካይ እኩል ሰዎች ያወጡት አይደለም። እኔ አማካዩን ጣሉት አላልኩም። ከጎኑ ኢኒንጉ ይጻፍ ነው የምለው፣ ያውም በትልቁ።

የደሴው፦ ይጻፍ፣ አልቃወምም። አንተም 2.17ን ከ2.93 ጎን ብቻውን አታስቀምጥ።