እርማት፦ ግድግዳ ማፍረስ ሠራተኛን አያነጋግርም

«የቢሮው ግድግዳ ከፈረሰ ሠራተኞች ይበልጥ ይነጋገራሉ፣ ሐሳብም ያፈልቃሉ» ብለው ለጻፉት ይህን እርማት ይቀበሉኝ። እምነቱ የተለመደ ቢሆንም ሲለካ የተገኘው ተቃራኒው ነው።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኢታን በርንስቲንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ግድግዳ ወደሌለው ክፍት ቢሮ የተዛወሩ የሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ፊት ለፊት መነጋገራቸውን የሚለካ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። ከዝውውሩ በኋላ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የኢሜይል ልውውጣቸው ጨመረ። ጥናቱ የለካው ንግግርን እንጂ ፈጠራን አይደለም፤ ይሁን እንጂ «ይነጋገራሉ» የሚለውን መነሻ አፍርሶታል። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው፦ ሁሉም እየሰማው ያልበሰለ ሐሳብ ለመናገር የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ሌላው ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ አንገቱን ይደፋል።

በዚያው ጽሑፍዎ ደስታ ፈጠራን ያግዛል ያሉት ግን ትክክል ነው። የፈጠራ ተመራማሪዋ ቴሬዛ አማቢሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ የ7 ኩባንያዎች 222 ሠራተኞችን የዕለት ማስታወሻ መርምረው፣ መልካም ስሜት ከተሻለ ፈጠራ ጋር እንደሚያያዝ፣ ውጤቱም እስከ 2 ቀን ዘግይቶ ሊታይ እንደሚችል አሳይተዋል።

ስለዚህ ቢሮውን ሲያድሱ፣ እባክዎ፣ በሩ የሚዘጋ ጸጥ ያለ ክፍል ያስቀሩላቸው።