ለክቡር የጭስ ማውጫ ተኩስ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከየትኛው ቢሮዎ እንደሚተኩሱ እንዲገልጹልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእርስዎ ሰላምታ እንኳ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሰኛል። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ባነሳሁ ቁጥር ከኋላ "ጧ! ጧ!" ሲሉ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይቺ አሮጌ መኪና ዝም ብላ ብታልፍ ማን ቀና ብሎ ያያት ነበር? በዚህ በኩል ውለታዎ አለብኝ። ደግሞም ዘንድሮ ከጭስ ማውጫቸው እንዲንጣጡ ሆን ተብሎ በኮምፒውተር የተስተካከሉ የውድድር ዓይነት መኪኖች አሉ አሉ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጠራዎትን እኔ ሳልጠራዎ መጡ፤ ምን ያህል ዕድለኛ ነኝ!

ስለ ክቡርነትዎ የሚወራው ግን አንድ አይደለም። አንዱ "ማርሚታው ነው፣ ቀይረው" ይላል፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ማለቱ ነው። ሌላው "ካንዴላ!" ብሎ ብልጭታ ሰጪዋን ይከሳል። ሦስተኛው ኮፈኑ ሳይከፈት "ሞተሩ ይውረድ" ብሎ ይፈርዳል። አንዴ ሲተኩሱ ስንት አዋቂ ያፈራሉ! ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ማርሚታው ነው። ጥፋቱ ተሠርቶ ያለቀው ሲሊንደር ውስጥ፣ ቤንዚኑ በሚነድበት የሞተሩ ክፍል ነው፤ ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን የጋለው ቱቦ ውስጥ ደርሶ ይቀጣጠላል፣ የማርሚታው ሆድ ይተረተራል፣ ከዚያ እሱው ተከሳሽ ሆኖ ተፈትቶ ይጣላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። አዲሱንም ክቡርነትዎ ውለው ሳያድሩ ይመርቁታል።

እንደኔ ከሆነ ግን መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ነበረበት፦ ከየት ተኮሱ? መቼ ተኮሱ? ምክንያቱም ሁለት ቢሮ ነው ያለዎት፤ አንዱ ላይ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቀሉበት በካርቡሬተሩ አፍ ላይ፤ ሌላው ታች፣ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ። የሁለቱም ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይገናኝም።

ከላይኛው ቢሮ ሲጮሁ ብዙ ጊዜ ርቦዎት ነው። ቤንዚን በወጉ እንዲነድ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲያንስ እሳቱ ይንቀረፈፋል፤ የማስገቢያው ቫልቭ (የሲሊንደሩ በር) ለቀጣዩ ዙር ሲከፈት ገና አልጠፋም፤ ተመልሶ በካርቡሬተሩ ይተፋል። ለዚህ አንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ትበቃለች፤ ወይ በካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) አርጅቶ አየር ይስባል፤ ወይ የቤንዚኑ ማለፊያ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኗል። የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሚያሳየው በቫኪዩም መለኪያ ቢታይ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ)፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ አሳይቶ መርፌው ቀጥ ይላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ንባቡ ይወርዳል፤ ደጋ ላይ ቆሞ "ሞተሩ ደከመ" የሚል ሰው መጀመሪያ ያለበትን ቦታ ያስብ። መርፌው በየተወሰነ ጊዜ ደንገጥ እያለ ዝቅ ካለ ግን አንድ ቫልቭ በደንብ አልተዘጋም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ እርስዎም ቀልድዎን አቁመዋል።

ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ ከጀመሩ ደግሞ የካንዴላ ገመዶቹን እንቁጠር። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የእሳቱ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል፣ 1-3-4-2 ነው። ሁለት ገመድ ተቀያይሮ ከተሰካ ብልጭታው ቫልቩ በተከፈተበት ሲሊንደር ላይ ይወድቃል፤ ክቡርነትዎም ከሁለቱም ቢሮ ባንድ ጊዜ መግለጫ ይሰጣሉ።

የታችኛው ቢሮ ነገሩ ረቂቅ ነው፤ እኔም ዋና ቅሬታዬ እዚያ ነው። እዚያ የሚተኩሱት ብዙ ጊዜ ጠግበው ነው፤ ቤንዚን በዝቶ፣ ወይም ብልጭታው ዘግይቶ። እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን በሰዓቱ የሚያስነሳውን ፑንቲና ማንም አይጠረጥረውም። በሚሽከረከረው ካም (ፑንቲናውን በሚከፍተው ጉብታ) ላይ የሚሻሸው እግሩ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ብልጭታውም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይቀራል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ እሳቱ ገና እየነደደ የማስወጫው ቫልቭ ይከፈታል፣ የጭስ ማውጫው መነሻም ከልክ በላይ ይግላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ማርሚታ ሥር ተኝቶ ይፈልግዎታል!

እግር ከነዳጅ መስጫ ሲነሳ ብቻ የሚንጣጡ ከሆነ ደግሞ፣ የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ መተንፈሱን ማየት ነው። በክፍተቱ ንጹሕ አየር ይገባል፣ ያልነደደው ቤንዚን የሚፈልገውም እሱን ነበር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ሥሩ "ጢክ ጢክ" የሚል ድምፅ ካለ፣ መጋጠሚያው ላይም ጥቁር ጥላሸት ከታየ፣ አድራሻዎ ተገኘ።

ስለ ጭሱ ቀለም ብዙ አልልም፤ ጥቁሩ ቤንዚን በዛ ይላል፣ ሰማያዊው ዘይት እየነደደ ነው ይላል፣ ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ የራዲያተር ውኃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው ይላል። በጠዋት ብርድ ለአፍታ የሚታየው እንፋሎት ግን ማንንም አያስደነግጥ።

አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ ልናገር። እርስዎ ድምፅ ስላለዎት ሰው ይሰማዎታል። በዚያው በሚተነፍሰው መጋጠሚያ የሚያመልጠው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ወደ መኪናው ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ፍተሻው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ አይደረግም፤ ወለሏ የተበሳ አሮጌ መኪናም መስኮት ተከፈተላት ተብሎ አትታመንም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሲተኩሱ ሰዓቱን ይለዩልን፦ በብርድ ነው ወይስ ሞቀው? ሽቅብ ሲጫኑ ነው ወይስ ቁልቁል ሲለቀቁ? ይህን ብቻ በግልጽ ከነገሩን እኛ ደግሞ አንድ በአንድ እየፈተሽን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየነካን እንመጣለን። ሁሉም ባንድ ቀን ከተቀየረ የቱ እንዳዳነን አናውቅም፤ እርስዎም ይህንኑ እንደሚወዱት ይገባኛል።

ከሰላምታ ጋር
ባለመኪናው

ግልባጭ፦
ለካርቡሬተሩ፣ ለመረጃ ያህል
ለፑንቲናው፣ የክፍተት መለኪያ ይዘን በመምጣት ላይ ስለሆንን ከቦታው እንዳይለይ