አብሽር፣ ሒሳብህ ታግዷል

ደሴ ውስጥ «አብሽር» የማይፈታው ችግር የለም። ዝናብ መታህ? አብሽር። የኮምቦልቻው ታክሲ ጥሎህ ወረደ? አብሽር። ሰኞ ገበያ የገዛኸው በግ ቤት ሲደርስ አነከሰ? አብሽር፣ ለእርድ እንጂ ለሩጫ አልገዛኸው።

ሪያድ ስገባ ለዚህ ቃል አፕ ተሠርቶለት አገኘሁ። ወላሂ! የኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ)፣ የቪዛው፣ የቅጣቱ ነገር ሁሉ የሚታይበት የመንግሥት አፕ ስሙ አብሽር ነው። ወሎ ቀድሞኝ ገብቷል ብዬ ደስ አለኝ። ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የደሴው አብሽር የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

ባንክ ሒሳብ ልከፍት ሄድኩ። እኛ አገር የማያውቁህ ሰዎች መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉሃል። አባትህን ትናገራለህ። ካላወቁት አያትህን፣ እሱንም ካላወቁ መንደርህን። መጨረሻ ላይ አክስትህን ያገባ ሰው ይገኝና ቡና ይፈላል። የባንኩም ልጅ ጥያቄ ያው ነው፤ ብቻ አባቴን አልፈለገውም። የፈለገው ከፊሌን ነው፤ ዋስ ሆኖ ያስገባኝን አሠሪዬን። የት ነው የምትሠራ፣ ማን ነው የሚከፍልህ፣ በማን ስም ነው የገባኸው። በ38 ዓመቴ አዲስ አባት ተመዘገበልኝ።

የኢቃማ ቁጥር 10 አሃዝ ነው። የአገሬው ሰው መታወቂያ በ1 ይጀምራል፣ የእኛ የመጤዎቹ በ2። ሁለተኛ መሆኔን ከመጀመሪያዋ አሃዝ ነግረውኛል ማለት ነው፣ በዚህስ አልወቅሳቸውም።

ከዚያ ናፋዝ የሚሉት ማንነትህን የሚያረጋግጥ ሌላ አፕ አለ። ባንኩ አንድ ቁጥር ያሳይሃል፤ ስልክህ ላይ ደግሞ ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ያንኑ መርጠህ ትነካለህ። ተማሪ ቤት «አዛምድ» የሚባል ጥያቄ ነበር አይደል? እሱ ነው። እዚያ ብትስት አንድ ማርክ ይቀነስብሃል። እዚህ ብትስት ከወረፋው ጫፍ ትጀምራለህ።

ስሜ ሰይድ ነው። ወሎ ገበያ መሀል «ሰይድ!» ብለህ ብትጣራ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያይሃል። ፓስፖርቴ ላይ ኤስ፣ ኢ፣ አይ፣ ዲ ተብሎ ተጽፏል። ይህን ወደ ዓረብኛ የመለሰው ሰው ምን ቸኩሎ እንደሆነ እንጃ፣ «ሰዒድ» አደረገኝ። ባንኩም ያንኑ ገልብጦ ያዘው። በዓረብኛ ሰይድ ጌታ ማለት ነው፤ ሰዒድ ደግሞ ደስተኛ። ጌትነቴን ወስደው ደስታ ሰጡኝ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ፊቴን ያየ ሰው ግን ሁለቱንም አይጠረጥርም።

ይስተካከልልኝ ስላቸው ወደ ሌላ መስኮት ላኩኝ። ተውኩት። አንድ ፊደል ምን ያመጣል ብዬ።

ዋናው ጣጣ የመጣው በኋላ ነው። የኢቃማዬ ማብቂያ በሒጅራ ነው የተጻፈው። ደመወዜን የምቆጥረው በፈረንጅ፣ ለእማየ የምልክበትን ቀን ደግሞ በእኛው አቆጣጠር። የሒጅራ ዓመት ከፈረንጁ 11 ቀን ያህል ያጥራል። እኔ ገና ነው ስል ኢቃማው አልቋል። ኢቃማ ሲያልቅ ባንኩ ሒሳብህን ያግዳል። የሚያሳድሰው ከፊልህ ነው፤ ከፊሌ ደግሞ ሽርሽር ላይ ነበር።

ሰራፍ የሚሉት የብር ማሽን ፊት ቆምኩ። ካርዴን ዋጠ፣ አሰበ፣ መልሶ ተፋው። ድጋሚ አስገባሁ። ድጋሚ ተፋው። ከኋላዬ ያለው ሰውየ ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኬን ከፈትኩ፤ 3,200 ሪያሌ ቁጭ ብሎ ያየኛል። በመስኮት እንደሚታይ ሥጋ።

እማየ ጋ ደወልኩ።

«ገንዘቡ ሊዘገይ ነው። ባንኩ አገደው።»

«ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?»

«ምንም። የመታወቂያዬ ቀን አልፎ ነው።»

«ገንዘቡ ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«አንተስ አለህ አይደል?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

የባንኩን ልጅ በማግስቱ ይህንኑ ጠየቅሁት። ሳቀና ተራ ቁጥር ሰጠኝ። እማየ ደግሞ የቅሬውን ሰብሳቢ ላናግርልህ ወይ አለችኝ። አትፍረዱባት። ቅሬያችን ሰው ሲሞት መታወቂያው ታድሷል ወይ ሳይል ነው የሚቀብር።

በሦስተኛው ሳምንት ከፊሌ ተመለሰ፣ ኢቃማው ታደሰ፣ ሒሳቤም ተፈታ። የዚያኑ ለት ሐዋላ ላክሁ፤ ሚስጥር ቁጥሩን በእህቴ ልጅ ስልክ አደረስኩ። እማየ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ባንክ ወረደች። ማታ ደወልኩ።

«እማየ፣ ብሩን ወሰድሽ?»

«አየ፣ ትቼው መጣሁ።»

«ለምን?»

«ልጅየው ላኪው ማነው ቢለኝ ልጄ ሰይድ አልኩት። የለም፣ ሰዒድ ነው የሚል አለኝ። እኔ ሰዒድ የሚባል ልጅ አልወለድኩ። ያንተ እንዳልል ታግዷል ብለኸኛል። የሰው ሐቅ ምን ያደርግልኛል?»

ዝም አልኩ።

«አብሽር» አለችኝ። «ለዚያ ለሰዒድም ቡና አፍልቼ ዱዓ አድርጌለታለሁ። እሱም የሰው አገር ነው፣ ይቅናው ብያለሁ።»