ሎቢውን የማጸዳው እኔ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ሆቴል ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያው የደሞዝ ቼክ ሲመጣ ሰው እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የከፈትኩት። የፌዴራል ግብር ተቆርጧል። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ተቆርጧል። እነዚህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስለነበር ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። ከሥር ግን አንድ ያልተነገረኝ መስመር አለ። "ዩኒየን ዱስ" ይላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጽዳት ክፍል ያሉትን እትዬን ጠየቅኳቸው።

"የማህበር መዋጮ ነው ልጄ።"

"መቼ ፈረምኩ?"

"የመጀመሪያ ቀን ከሰጡህ ወረቀት ውስጥ አንዱ ነው። ሁላችንም ሳናነበው ነው የፈረምነው።"

መዋጮ የሚለው ቃል ሲነሳ እኔ ኪሴን እይዛለሁ። አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ለግድቡ የወር ደሞዜን በ12 ወር ከፋፍዬ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ግድቡ ግን ቢያንስ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። ይሄኛው የት ነው ያለው?

"ስልኬ ላይ አለ" አለ ኦዲተሩ።

ኦዲተሩ የምንለው ዕቃ የሚያጥበውን ሰው ነው። አገር ቤት ለዓመታት ሒሳብ መርምሯል። እዚህ ሳህን ይመረምራል። ሳህኑንም ቢሆን ቆጥሮ ተረክቦ፣ ቆጥሮ ነው የሚያስረክበው። እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ስልኩን አወጣና "ኤል ኤም 2" የሚባል ፎርም አሳየን። በዓመት 250 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያስገባ የሠራተኛ ማህበር ሁሉ ይህንን እየሞላ ለአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያስገባል። ማንም ሰው ድረ ገጹ ላይ በነጻ ያየዋል። የመሪዎቹ ደሞዝ በየስማቸው ተዘርዝሯል። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የተከፈለው የማህበሩ ቅጥረኛም አልቀረም፣ ጸሐፊዋ ሳትቀር።

የፕሬዚዳንታችንን ደሞዝ ለደም ግፊታችሁ ስል እዚህ አልጽፈውም። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉና እንደገና አዩት። ቁጥሩ አልተለወጠም።

"ይሄ የወር ነው የዓመት?"

"የዓመት።"

"እሱስ ይሁን።" ትንሽ ተጽናኑ።

ኦዲተሩ ወደ ታች ወረደ። "የፖለቲካ ሥራና ሎቢ" የሚል መደብ ላይ ሲደርስ ገንዘቡን ጮክ ብሎ አነበበው። እትዬ ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ለሎቢ ነው ያልከው?"

"አዎ፣ ለሎቢ።"

"ሎቢውን የማጸዳው እኔ! አንድ ሞፕ እንኳ ከተቀየረልኝ ስንት ጊዜዬ!"

ሎቢ ማለት እዚህ ላይ የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ሳይሆን የምክር ቤት ሰዎችን ማግባባት እንደሆነ ለማስረዳት የምሳ ሰዓታችን አለቀ። እትዬ እስከ ዛሬ አላመኑም። በእርግጥ ባለፈው ዓመት ጉልበታቸውን የተሠሩት ማህበሩ ተደራድሮ ባመጣው ኢንሹራንስ ነው። ይህን ሳስታውሳቸው "እሱማ ደግ አደረጉ፤ ግን ሎቢው..." ይላሉ።

ፎርሙ ከየት መጣ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከሌብነት ነው የመጣው። በ1957 የአሜሪካ ሴኔት የማህበር መሪዎችን እያስጠራ ይመረምር ጀመር። ጠያቂው ወጣቱ ጠበቃ ሮበርት ኬኔዲ ነበር። ተጠያቂው ደግሞ የከባድ መኪና ነጂዎቹ ማህበር፣ የቲምስተርስ ፕሬዚዳንት ዴቭ ቤክ። ሰውዬው የሲያትል ልጅ ነው። ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ "በራሴ ላይ አልመሰክርም" እያለ አስቸገረ። በኋላ በፍርድ ቤት ከተቀጣባቸው ነገሮች አንዱ የማህበሩን ካዲላክ ሸጦ 1,900 ዶላሩን ኪሱ ከትቷል የሚል ነው። በዚያ ምርመራ ማግሥት፣ በ1959፣ ማህበራት ሒሳባቸውን ለሕዝብ እንዲያሳዩ ሕግ ወጣ።

የሚገርመው ሌላ ቤክም አለ። ይሄኛው ሃሪ ይባላል፣ ዝምድናቸው የስም ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የስልክ ሠራተኛ ነበር። "የማህበሩ አባል አይደለሁም፤ ገንዘቤን ለፖለቲካ አታውሉብኝ" ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቱ ሒሳቡን ሲያየው፣ ማህበሩ ለድርድርና ለመሳሰለው አውያለሁ ብሎ ማስረዳት የቻለው ከ21 በመቶ አልበለጠም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988 ፈረደለት። አንዱ ቤክ የማህበር ገንዘብ ወሰደ፣ አንዱ ቤክ ገንዘቤን መልሱልኝ አለ። አገሪቱ ሁለቱንም በሕግ መዝገብ አስቀመጠቻቸው።

ኦዲተሩ ይህንን ሲተርክልን አንዱ ባልደረባችን "እኔም እንደ ሁለተኛው ቤክ መሆን እፈልጋለሁ" አለ።

"ትችላለህ። ግን ከአባልነት መውጣት አለብህ። ያኔ የማህበሩ ምርጫ ላይ ድምፅ የለህም።"

"እንዴት ተደርጎ! ድምፄንማ አልሰጥም!" ብሎ ተቆጣ። ይህ ልጅ በማህበሩ ምርጫ መርጦ አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ነገሩን የሚያባብሰው ወንዙ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። የሱም ሆቴል ማህበር አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን መዋጮ መክፈል ግዴታ አይደለም። ማህበሩ ደግሞ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል እንዲከራከር ሕጉ ያስገድደዋል። ጓደኛዬ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም። ሺፍቱ በተነካ ቁጥር ግን ተወካዩ ዘንድ ቀድሞ የሚደውል እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ እናውቀዋለን። ዕድር ሳይከፍል ከርሞ፣ ኀዘን ሲደርስበት "ድንኳኑ ዘገየ" ብሎ የሚቆጣው ነው። አንድ ቀን ይህንኑ በስልክ ነግሬው ተኳረፍን።

ለፖለቲካው ደግሞ ሌላ ሣጥን አላቸው። ከመዋጮው ቆንጥሮ ለኮንግረስ ወይም ለፕሬዚዳንት ተወዳዳሪ መስጠት ክልክል ነው። ለዚያ "ፓክ" የሚባል፣ ሰው በፈቃዱ የሚያዋጣበት ቋት አለ። የማህበሩ ተወካይ የፓኩን ካርድ ይዛ ስትመጣ ጥገኝነት (አሳይለም) የጠየቀ አንድ ልጅ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። የፓርቲ አባልነት ፎርም መስሎታል። እስክሪብቶውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተወካይዋ ግሪን ካርድ እንዳለው ጠየቀችው። ገና ነው አላት። ካርዱን ቀስ ብላ ነጠቀችው። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ለአሜሪካ ምርጫ ማዋጣት ሕጉ አይፈቅድለትም።

"ተወልጄ እስከዛሬ" አለ ልጁ፣ "መዋጮ ስከለከል የመጀመሪያዬ ነው።"

ማህበሩ ሌባ ነው አልልም። ሌባ የሆኑም አሉ። የመኪና ሠራተኞቹ ማህበር፣ ዩ ኤ ደብልዩ፣ ሁለት የቀድሞ ፕሬዚዳንቶቹ በ2021 እስር ተፈርዶባቸዋል። ፓልም ስፕሪንግስ ቪላ ተከራይተው በሠራተኛው ገንዘብ ጎልፍ ሲጫወቱና ሲጋር ሲያጨሱ ከርመው ነው። ያው ማህበር በ2023 መሪውን ቀይሮ አድማ ሲመታ ደግሞ፣ ሥራ ላቆመው ሰው በሳምንት 500 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ከዚያው ከመዋጮው። ጭማሪም ይዞ ተመለሰ። እንግዲህ መዋጮህ የትኛው ዓይነት መሪ እጅ እንደሚገባ አታውቅም።

የሆነው ሆኖ ኤል ኤም 2 ሱስ ሆነብን። ምሳ ሰዓት ላይ የሌላ ማህበር ፕሬዚዳንት ደሞዝ ሁሉ ማየት ጀመርን። በዚህ ወኔ ነው እኔና ኦዲተሩ እሁድ ዕለት የዕድራችን ስብሰባ ላይ የተገኘነው። ቡናው ሳይቀርብ እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢያችን ጋሼ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሳቸው ቀርቦ አያውቅም።

"ጋሼ፣ በዚህ አገር የማህበር ሒሳብ ለአባላት ክፍት ነው። የእኛም ይነበብ።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት እናት "ወይ ጉድ" ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ አልተቆጡም። ከወንበራቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ከፌስታሉ ውስጥ ደብተር አወጡ። ደብተሩን ለኦዲተሩ ሰጡት።

ኦዲተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል ገጽ በገጽ ሄደበት። በአውራ ጣቱ እየደመረ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ቡናው ደርሶ ማንም አልጠጣም። በመጨረሻ ቀና አለ።

"ሒሳቡ ንጹሕ ነው። እንዲያውም የአበባውንና የውሃውን ጋሼ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት። ደሞዝ የለም። ጉዞ የለም። ሎቢም የለም።"

ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

"አንድ ግኝት ብቻ አለ፤ ገጽ 14" አለና ወደኔ አየ። ከዚያ እንደ ሙያው ጮክ ብሎ አነበበው። "የ7 ወር ውዝፍ፣ በወር 20 ዶላር፣ ድምር 140።" ስሜንም ጠራ።

ጭብጨባው የት እንደገባ አላውቅም። "ዜል ይቀበላሉ ጋሼ?" አልኩ፣ ገንዘቡን የምልክበትን ስልኬን ኪሴ ውስጥ እየፈለግኩ።

"እንቀበላለን ልጄ" አሉ ጋሼ፣ ደብተራቸውን ወደ ፌስታሉ እየመለሱ። "ከቼክህ ላይ ብንቆርጠው ነበር የሚሻለው።"