ስለ መላጣ ዶሮ ውርስ አንድ እርማት

አንገታቸው ላባ ስለሌለው ዶሮዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «የአንገት መላጣነት ዶሚናንት (ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ) ስለሆነ ወራሾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መላጣ ይሆናሉ» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። መላጣነቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ዶሮ አንገቱ ሙሉ በሙሉ የተራቆተ ነው ማለት ይቻላል። ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን ከአንገቱ ሥር፣ በፊት ለፊት በኩል፣ ጥቂት ላባ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ይቀርለታል። አውራ ከመምረጣችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን ቦታ እዩ።

ሙሉ መላጣ አውራ ከባለ ላባ እናት ጋር ሲገናኝ ጫጩቶቹ ሁሉ ከፊል መላጣ ናቸው። ከፊል መላጣዎቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ደግሞ ከ12 ጫጩት በአማካይ 3 ሙሉ መላጣ፣ 6 ከፊል፣ 3 ባለ ላባ ይጠበቃል። በአንድ እቅፍ 5 ባለ ላባ ቢፈለፈል የውርስ ሕጉ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እንቁላል ዕጣው አዲስ ነው። ከከፊል መላጣ ወላጆች ባለ ላባ ጫጩት መመለሱ ራሱ ዘረመሎቹ (ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉት) እንደ ቡናና ወተት እንዳልተቀላቀሉ ያሳያል።

ባለ ላባ ዶሮ የመላጣነት ዘረመል ስለሌለው፣ ሁለት ባለ ላባ ወላጆች መላጣ ጫጩት ካስገኙ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ አውራ ነው። ዶሮ የአውራውን ዘር ከ2 እስከ 3 ሳምንት በሆዷ ታቆያለች፤ ስለዚህ አውራ ስትቀይሩ ቢያንስ 3 ሳምንት ጠብቁና ከዚያ በኋላ የተጣለውን እንቁላል ብቻ አስታቅፉ።