እናቴ አሜሪካ ብትወልደኝ ኖሮ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከቡና በኋላ፣ ሜሪላንድ ያለው ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ተዘርፍጬ ካርቶን ከፈትኩ። ካርቶኑ በፈረንጅ 1987 ከታሸገ ወዲህ የሰው እጅ አልገባበትም። በእኛ 1979 መሆኑ ነው፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ ተብሎ የተጨበጨበበት ዓመት። እኛ ስናጨበጭብ ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ ማስቲካ ያሽግ ነበር። በካርቶኑ 36 ፓኬት አለ፤ በየፓኬቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው 17 ካርዶችና አንድ ዝርግ ማስቲካ።

አንድም የቤዝቦል ጨዋታ እስከ መጨረሻው አይቼ አላውቅም። ካርዱን ግን እሰበስባለሁ።

ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ካርድ ነው እማዬ።»

«የሚፋቀው?»

«አይ፣ የሚሰበሰበው።»

«ስልክ አያስደውልም?»

«አያስደውልም።»

ዝም አለች። ይቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤ ጎረቤት «ልጅሽ እዚያ ምን ይሠራል?» ሲላት፣ «ደኅና ነው፣ ተመስገን» ከማለቷ በፊት የምትመጣው ናት።

አከፋፈቱ ወግ አለው። ፓኬቱ የሰም ወረቀት ነው፤ ጀርባውን በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ያላቅቁታል። መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ምሳ የበሉበት እጅ የነካው ካርድ ዕድሜ ልኩን በርበሬ በርበሬ ይላል። አንዳንዱ ካርድ ሰም ጠጥቶ ይወጣል፤ ከማስቲካው ጋር ተጣብቆ የኖረው ደግሞ ማዲያት አውጥቶ። እኔ የምጠብቀው ባሪ ቦንድስን ነበር። ኋላ 762 ሆምረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያሳርፍ ምት) መትቶ የምንጊዜም ክብረ ወሰን የያዘው ሰውዬ፣ በዚህ ካርድ ላይ ገና ለፒትስበርግ ከተማ ቡድን የሚጫወት ሸንቃጣ ወጣት ነው። እንዴት እንደዚያ እንደፈረጠመ፣ በኃይል ሰጪ መድኃኒት ነው አይደለም እየተባለ ሲያከራክር ኖሮ፣ 10 ዓመት በተከታታይ ለምርጫ ቀርቦ የዝነኞች አዳራሽ ሳይገባ ቀረ።

አሥራ አንደኛው ፓኬት ላይ ወጣ። ጮህኩ። እናቴ አማተበች። ዋጋውን ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ አንድ ማኪያቶ ይገዛል። ኬክ አይጨምርም።

ለምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእናቴ ጋር የሚገናኘው።

ሚኪ ማንትል የሚባል የቤዝቦል ኮከብ ያለበት፣ የቶፕስ የ1952 ካርድ አለ። አንዱ በ2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያኔ ግን ፈላጊ አጥቶ መጋዘን ያጣብብ ነበር፤ የኩባንያው ሰው ሳይ በርገር በ1960 ያልተሸጠውን ክምር በቆሻሻ መጫኛ ጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስደፋው። ከባሕሩ የተረፈውን ደግሞ የአሜሪካ እናቶች ጨረሱት። ልጅ ኮሌጅ ይገባል፣ እናት ክፍሉን ታጸዳለች፣ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካርድ ወደ ገንዳ። ዛሬ ያንን ካርድ ወርቅ ያደረጉት እነዚያ እናቶች ናቸው።

እናቴ በዚያ ዘመን ብሩክሊን ብትኖር ኖሮ ማንትል ሳንቲም አያወጣም ነበር። ሁሉም ካርድ፣ ከነማስቲካው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ይገኝ ነበር። እሷ የቅቤ ማሰሮ ክዳን የማትጥል ሴት ናት። ማሰሮው ከተሰበረ አሥር ዓመት አልፎታል።

አሜሪካኖች ይህን የነቁበት ዘግይተው ነው። በ1980ዎቹ ውስጥ «የዛሬው ካርድ የነገ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው» ብለው ሁሉም እንደ እናቴ ሆኑ፤ ገዝተው ሳይነኩ ደበቁ። ኩባንያዎቹም ፈላጊ መጣ ብለው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያለ ልክ አተሙት። አገር ሙሉ ከደበቀው ዕቃ ብርቅ ከየት ይመጣል? የዚያን ዘመን ካርድ ሰብሳቢዎች ራሳቸው «ቆሻሻ» ነው የሚሉት። የእኔ ካርቶን እንግዲህ ከዚያ መሃል ነው።

ይባስ ብሎ ካርቶኑ እንደታሸገ ቢቆይ፣ ውስጡ ካሉት ካርዶች በአብዛኛው ይበልጥ ያወጣል። ማለት፣ በየፓኬቱ ገንዘቤን እየቀደድኩ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው የከፈትኩት፤ እናንተም ዕቁብ ሊወጣ ሲል ዕጣው ላይ ያላችሁን ዓይን አስቡ።

ደህና ካርድ ከወጣ ደግሞ ለባለሙያ ይላካል። ከ1 እስከ 10 ማርክ ይሰጡታል፤ ጥጉን፣ ጠርዙን፣ ፎቶው መሃል መዋሉን በማጉያ መነጽር አይተው። ከዚያ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል፣ ገንዘብ ያስከፍላሉ። እናቴ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በነጻ እንዲሁ አድርጋዋለች። አሥር ከአሥር ነው፤ ቁጥሩ ግን በፕላስቲኩ አይታይም።

ሠላሳ ስድስተኛውን ስጨርስ 612 ካርድ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። ከመካከላቸው አንድ ጢማም ሰውዬ ለአራተኛ ጊዜ ያዩኛል። ማስቲካዎቹ አፈር ሆነዋል። እናቴ አንዱን አሽትታ፣ «ያኔ ቢገኝ ስንቱን ልጅ ዝም ያሰኝ ነበር» አለችና መለሰችው። የሰም ወረቀቶቹን በእጇ እየዳመጠች በቁመት አጥፋ አንድ ላይ ከመረቻቸው።

«ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው እማዬ?» አልኳት ካርዶቹን እያሳየሁ።

«እሱንማ ጣለው» አለች፣ ትንሽ እንኳ ሳታስብ። «ካርቶኑን ግን እንዳትነካ፤ ይፈለጋል።»

ስትመለስ ካርቶኑ ቪታሚንና የራስ ምታት ኪኒን ተሞልቶ አብሯት ቦሌ ገባ። ትናንት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ፣ እንግዳ ብቻ ከሚጠጣባቸው ስኒዎች ጎን ቆሟል። ፕላስቲክ አልብሳዋለች።